ሌላው ምርጫ

ስለ ምርጫ ስንከራከር ኖረናል፤ ዛሬ ስለ ሌላ ዓይነት ምርጫ ላውጋችሁ።

ስወለድ ሴት ተብዬ የተመዘገብሁ ወንድ ነኝ፤ በርሊን ሕግ አስተምራለሁ። የጀርመን ሕግ እንደኔ ያለውን ሰው በወንድነት ለመመዝገብ ቀዶ ሕክምናንና መምከንን ያስገድድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት ይህን ግዴታ ሻረው። ከኖቬምበር 2024 ወዲህ ደግሞ የራስ ቃል ይበቃል። ሕጉ ከመኝታ ቤቴ ወጣ፤ እኔ ግን አላስወጣሁትም ኖሯል።

ከባለቤቴ ጋር ለፍቅር ጊዜ የሚሆን ሰው ሠራሽ አካል ልንመርጥ ስንቀመጥ፣ መርማሪ የሚመጣ ይመስል እጄ ወደ ትልቁ ሄደ። «ለእኔ ነው ወይስ ለዳኛው?» አለችኝ። አፈርሁ።

የቀረው ቀላል ነው። በፕላቲኒየም የረጋ ሲሊኮን ጀርም የሚሸሸግበት ቀዳዳ የለውም፤ ሞተር ከሌለው ተቀቅሎ ይጸዳል። ማለስለሻው ግን በውሃ የተሠራ ይሁን፤ የሲሊኮን ቅባት ሲሊኮኑን ሊያበላሸው ይችላል። ቀን ተለብሶ የሚዋለው ለስላሳው ለመኝታ አይጠነክርም። ማሰሪያውም ካልጠበቀ ሁሉም ከንቱ ነው። የቀለሞቹ ስም «ቸኮሌት»፣ «ካራሜል» ይላል (ሰዎች ነን ወይስ ከረሜላ?)።

ባለቤቴ መካከለኛውን አዘዘች። በመጣ ዕለት ክንዴ ላይ አስጠግታ ቀለሙን አመሳከረች። ወትሮ መብራት የማጠፋው እኔ ነበርሁ፤ ያን ሌሊት ረሳሁት።