ጀልዴሳ፤ መንገድ ያቀናት፣ መንገድም የተዋት ከተማ

ስለ አንድ ከተማ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ «ይህች ከተማ የምትኖረው በምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። እኛ የድሬዳዋ ተማሪዎች በጂኦግራፊ ትምህርት በራይንና በናይል ዳር ስለ ተቆረቆሩ ከተሞች እናጠናለን፤ ነገር ግን ከከተማችን በስተ ሰሜን ምሥራቅ ያለችውን ጀልዴሳን በሚገባ የሚያውቅ ከመካከላችን ጥቂት ነው።

ጀልዴሳ የምትገኘው ከሐረር ተራሮች ግርጌ በወንዝ ዳር ነው። ይህ የቆላ ወንዝ በበጋ አሸዋው ይታያል፤ በተራራው ላይ ዝናም ሲጥል ግን ደራሽ ሆኖ ይወርዳል። ከዘይላ ወደብ በረሓውን አቋርጦ ለሚመጣ ሲራራ ነጋዴ ውሃ ማለት ሕይወት ስለ ሆነ፣ በዚያ ሳያርፍ አያልፍም ነበር። የኢሳ ሶማሌና የኦሮሞ ሕዝብም በአካባቢው ተጎራብቶ ይኖራል።

ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለ ተቀመጠች መንገዱ ከጀልዴሳ በኋላ አቀበት ነው። ስለዚህ ጭነቱ ከቆላው ግመሎች ወርዶ ለተራራ በሚሆኑ አጋሰሶች ይጫን ነበር። ወደ ባሕር ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ ይወርዳል፤ ወደ ደጋ ጨርቅና የጦር መሣሪያ ይወጣል። በ1868 ዓ.ም. ሐረርን የያዙት ግብፆች በጀልዴሳ ወታደር አስቀመጡ። እነርሱ በ1877 ዓ.ም. ለቀው ከሄዱና ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ድል ካደረጉ በኋላም ከተማይቱ የሐረር የቀረጥ በር ሆና ቆየች። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ በ1873 ዓ.ም. ከዘይላ ሐረር የደረሰው ሃያ ቀን ያህል በፈረስ ተጉዞ ነው፤ በ1883 ዓ.ም. ግን እግሩ ታሞ በ16 ሰዎች ሸክም በጀልዴሳ በኩል ወደ ባሕር ወረደ።

ከዚያም ባቡር መጣ። ሐዲዱ ወደ ሐረር እንዲወጣ ታስቦ ሳለ ተራራው አስቸጋሪና ወጪው ከባድ ስለ ሆነ በ1895 ዓ.ም. ሜዳው ላይ ቆመ፤ በዚያም ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ነጋዴው ባቡሩን ተከተለ፤ ጀልዴሳም ያለ ጦርነትና ያለ ቃጠሎ ከነወንዟ ጸጥ አለች።

ይህን ታሪክ የጻፍሁት ለጀልዴሳ ለማዘን ብቻ አይደለም። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ የድሮው ባቡር ወደ አዲስ አበባ መመላለሱን ሲያቆም በቤታችን የሆነውን አውቃለሁ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ባቡርም ጣቢያው ከመሀል ከተማ ርቆ ነው የተሠራው። በጀልዴሳ የደረሰው በእኛም ላይ ሊደርስ እንደሚችል መገመት አያስቸግርም። እኛም በወንዝ ዳር ነን፤ ደቻቱ በ1998 ዓ.ም. ሞልቶ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን መግደሉን ወላጆቻችን አይረሱትም።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ መንገድ እንግዳ ነው፤ ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይሄዳል። ከተማ ጸንታ የምትኖረው ከመንገዱ በቀር ሌላ ሀብት ሲኖራት ነው፤ ይኸውም የልጆቿ እውቀትና የእጃቸው ሙያ ነው። ድሬዳዋ ለጀልዴሳ የደረሰው ዕጣ እንዳይደርሳት የምንጠየቀው እኛ ነን።