እንጦጦ በመንገደኞች ጽሑፍ

የባዕድ አገር ሰው ስለ አገራችን የጻፈውን ስናነብ፣ ወይ እንቈጣለን፣ ወይ ሁሉን አምነን እንቀበላለን። ሁለቱም ከሚዛን የወጣ ነው። መጽሐፍም ምስክር ነውና፣ ቃሉን ከመቀበላችን አስቀድሞ ጸሐፊው ማን እንደ ነበረና ምን ጉዳይ እንዳመጣው ልንጠይቅ ይገባናል።

የእንጦጦን ነገር እንመልከት። በ1879 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ከተማ በዚህ ተራራ ላይ ሳለ፣ ሁለት ፈረንሳውያን ተገኝተውበት ነበር። አንዱ፣ ቅኔውን ትቶ ጠመንጃ ሊሸጥ የመጣው አርተር ራምቦ ነው። የሟቹ ሸሪኩ አበዳሪዎች ያዙት፤ ካሰበውም ያነሰ ዋጋ ተቈረጠለትና ገንዘቡን ሐረር ላይ እንዲቀበል ታዘዘለት። ስለዚህ በደብዳቤዎቹ ውስጥ የነጋዴ ቅሬታ ተደባልቆ ይገኛል። ሁለተኛው ዡል ቦሬሊ አገር ለማጥናት የመጣ ነበረና፣ የዕለት ማስታወሻውን በ1890 እ.ኤ.አ. በፓሪስ አሳተመ። ሁለቱ ከእንጦጦ ወደ ሐረር አብረው ስለ ተጓዙ፣ ቦሬሊ የራምቦንም የመንገድ ማስታወሻ በመጽሐፉ ውስጥ አገባው። እንግዲህ ንግዱ ያልቀናው ሰው እንኳ ስለ መንገዱ የሚጠቅም ቃል ትቶ ሄዷል።

ይህ በሌላም አገር የታየ ነው። ስፖንና ዊለር የተባሉ መንገደኞች በ1676 እ.ኤ.አ. በቱርኮች ግዛት ሥር ወደ ነበረችው አቴና የሄዱት የጥንቱን ፍርስራሽ ፍለጋ ነበር። ከ11 ዓመት በኋላ የቬኔስያ ጦር መድፍ ፓርቴኖንን ባፈረሰው ጊዜ ግን፣ ሕንፃው ሳይፈርስ አይተው የጻፉት ለግሪኮች ራሳቸው ቅርስ ሆነ።

ከእኛ ወገን ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የዳግማዊ ምኒልክን ታሪክ ጽፈውልናል። እርሳቸውም የቤተ መንግሥት ሰው ናቸውና፣ ብዕራቸው የሚከተለው የንጉሡን ዘመቻና ግብር ነው። የእንጦጦን ዳገት እንጨት በጀርባቸው ተሸክመው ሲወርዱ ስለ ኖሩት እናቶች ማን ይጻፍ? ከእንግዳው የማንጠብቀውን፣ ከታሪክ ጸሐፊውም የማናገኘውን ይህን ነገር የሚያውቁት ሽማግሌዎች በየዓመቱ ያልፋሉ።

እኛ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ቀኑን ሙሉ ስንጽፍ እንውላለን፤ የምንጽፈው ግን ለማመልከቻ መልስ ነው። ከዚያ ብዕር ጥቂት ቀለም ተርፎ አንድ የሰፈር ሽማግሌ ያወራውን ብንመዘግብበት፣ በፈረንጅ ጽሑፍ መቈጣቱ ይቀርልን ነበር። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ተብሏልና።