ወደ ቦረና ቆላ ከመውጣታችሁ በፊት፦ ውሃው የማን ነው?

ክረምት ሲገባና ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቤተሰቦችና የወጣት ኅብረቶች «ዘንድሮ የት እንሂድ?» ማለታቸው የተለመደ ነው። አብዛኞቻችን ሐይቅ ዳር እናስባለን። ድንኳን ይዞ በመሪ እየተመራ በእግር መጓዝ ለሚወድ ግን የነጌሌና የቦረና ቆላ አለ። ቀይ አፈሩ፣ ከሰው ቁመት በላይ የቆመው ኩይሳ፣ የግራሩ ጥላ፣ የግመሉና የከብቱ ሰልፍ ከከተማ ለሚመጣ ሰው ብርቅ ነው። ሆኖም ወደዚህ ምድር የሚሄድ ሰው ከጫማና ከድንኳን በፊት ሊያስብበት የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ውሃ ነው።

ውሃ ያስነሣው ዐመፅ

ነጌሌ ሲባል በሻሸመኔ መንገድ ላይ ያለችው አርሲ ነጌሌ እንዳትመስላችሁ። ነጌሌ ቦረና ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በክብረ መንግሥት (አዶላ) በኩል የምትገኝ ከተማ ናት። በጥር ወር 1966 ዓ.ም. በዚያ የሰፈረው የ4ኛ ብርጌድ ወታደሮች የውሃ ፓምፓቸው ተበላሸ፤ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዱም ተከለከሉ። ምግባቸውም መጥፎ ነበር። ስለዚህ ዐመፁ። ጉዳዩን እንዲያጣሩ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ይዘው እነርሱ የሚበሉትን አበሏቸው፤ የሚጠጡትንም አጠጧቸው። ዐመፁ ወደ ሌሎች የጦር ክፍሎች ተዛመተ። ለአብዮቱ ሌሎች ብዙ ምክንያቶች ቢኖሩም፣ ከነጌሌው ቀን በኋላ በስምንተኛው ወር፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። በዚህ ምድር «ውሃው የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም።

መቼ እንሂድ?

የቦረና ወቅት ከደጋው ይለያል። ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ አነስተኛው ደግሞ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ይጥላል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው «ቦና» ደረቅና ሐሩር ነው፤ ለሰውም ለከብትም ጭንቅ ነው። በደጋው ዶፍ በሚወርድበት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ግን ቆላው ደርቆ ቀዝቀዝ ይላል፤ ሰማዩም ብዙ ጊዜ ደመና ነው። የልጆች የትምህርት ዕረፍትም ያን ጊዜ ስለሆነ ለቤተሰብ የሚመቸው ይኸው ነው። ሌሊቱ፣ በተለይ በሜጋና በያቤሎ ከፍታ ላይ፣ ስለሚበርድ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ አይቅር።

በ2013 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 2015 ዓ.ም. በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች ከሽፈው ብዙ የቦረና ቤተሰብ ከብቱን አጥቷል። ስለዚህ የቀን መቁጠሪያው ብቻ አይበቃም፤ «ዘንድሮ ዘንቧል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ባለፉት ዓመታት በጉጂና በቦረና የጸጥታ ችግር ስለነበረም ከመነሣታችሁ በፊት ወቅታዊውን ሁኔታ ከአካባቢው አስተዳደርና ከነዋሪዎች አጣሩ። «አሁን አትምጡ» ከተባላችሁ ጉዞውን ለሌላ ጊዜ አስተላልፉት።

መሪው

መሪ የምትፈልጉት መንገድ እንዲያሳያችሁ ብቻ አይደለም፤ አፍ እንዲሆናችሁም ነው። በወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በኩል፣ ቋንቋውን የሚናገርና በሽማግሌዎች የሚታወቅ ሰው ያዙ። የቀን ክፍያውን፣ የግመሎቹን ኪራይ፣ የመሪውንና የግመል ነጂውን ምግብ ማን እንደሚችል ከመነሣታችሁ በፊት ተስማሙ። ቦረና ሰላምታውን በ«ነጋ»፣ ማለትም በሰላም፣ ይጀምራል፤ ጊዜ ወስዶም ይጠያየቃል። እናንተም አትቸኩሉ።

የውሃው ሒሳብ

በሙቀት የሚጓዝ አዋቂ በቀን 5 ሊትር ያህል መጠጣት ያስፈልገዋል። ለማብሰያና ለመታጠቢያ 3 ሊትር ጨምሩ። አሥር ሰዎች ለአራት ቀን ቢጓዙ 320 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር 16 ጀሪካን ይሆናል። በአንድ ግመል ስድስት ጀሪካን ቢጫን ለውሃ ብቻ ሦስት ግመል ያስፈልጋል። ይህን የማይችል ቡድን ቀኑን ያሳጥር ወይም መኪና ውሃ የሚያደርስበትን ቦታ አስቀድሞ ይወስን። የዘይት ወይም የጋዝ ሽታ ያለበትን ጀሪካን አትውሰዱ።

ልጆች እስኪጠማቸው አትጠብቁ፤ በየግማሽ ሰዓቱ አጠጧቸው። ሽንታቸው ከጠቆረ ውሃ አንሷቸዋል ማለት ነው። ሰው ራሱን ካዞረው ጥላ ውስጥ አስተኙት፣ ልብሱን አላሉ፣ በእርጥብ ነጠላ አቀዝቅዙት። መቀባዠር ከጀመረ ሳትዘገዩ ወደ ሕክምና ውሰዱት። ለተቅማጥ የሚሆን ኦ አር ኤስ ያዙ፤ ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ለክታችሁ በጥብጡ።

ስንቅና ጓዝ

እንጀራ በሙቀት ቶሎ ስለሚሻግት ድርቆሽ ይሻላል። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሽሮና ቴምር ያዙ። ጨው የበዛበት ቆሎ ግን ውሃ ያስፈጃል። ጫማው አዲስ ሳይሆን እግር የለመደው ይሁን፤ ጠዋት ከመጫማታችሁ በፊት ጊንጥ እንዳይኖርበት አራግፉት። ለእሾህ ወረንጦ፣ ለፀሐይ ኮፍያና ነጠላ፣ ለሌሊት ባትሪ አትርሱ። ቆላው የወባ አገር ስለሆነ አጎበር ግዴታ ነው። ከጉዞው በኋላም ትኩሳት የያዘው ሰው የት እንደነበረ ለሐኪሙ ይንገር።

ድንኳን በደረቅ የወንዝ አሸዋ ላይ አትትከሉ፤ ከሩቅ የዘነበ ዝናብ በሌሊት ጎርፍ ሆኖ ይመጣል።

በጉድጓዱ አፍ ላይ

ከያቤሎ ወደ ሜጋ በሚወስደው መንገድ ዱብሉቅ አጠገብ ከታወቁት ጥልቅ የቱላ ጉድጓዶች አንዳንዶቹ ይገኛሉ። ወንዶች ከታች እስከ ላይ አንዱ ከሌላው በላይ ቆመው ባልዲውን እየተቀባበሉ፣ እየዘፈኑ ውሃውን ያወጣሉ። ጉድጓዱን ያስቆፈረው ሰው መብት በዘሩ ይተላለፋል፤ የዕለቱን የማጠጫ ተራ ደግሞ «አባ ሄሬጋ» የሚባለው ኃላፊ ያስከብራል። በድርቅ ወራት ከብቶች የሚጠጡት በሦስተኛው ቀን ነው። እንግዲህ ብር አለኝ ብሎ ባልዲ የሚያቀርብ መንገደኛ ሦስት ቀን የጠበቀችውን ላም ተራ ይነጥቃል።

ስለዚህ መሪያችሁ አስቀድሞ አባ ሄሬጋን ያስፈቅድ። በጉድጓዱ አጠገብ አትስፈሩ፣ አትታጠቡ፣ ልብስ አትጠቡ። በውስጥ የሚሠሩት ሰዎች ልብሳቸውን አቅልለው ስለሚሠሩ ሳታስፈቅዱ ካሜራ አታውጡ። የተፈቀደላችሁንም ውሃ አፍልታችሁ ወይም በማከሚያ አክማችሁ ጠጡ።

ከዚያ ወጣ ብሎ ያለው ኤል ሶድ ሌላው ትምህርት ቤት ነው። ነዋሪው በእሳተ ገሞራ ገደል ግርጌ ካለው ጥቁር ሐይቅ ጨው ያወጣል፤ ጥቁሩ ለከብት፣ ነጩ ለሰው ነው። መውረዱ ቀላል ቢመስልም መውጣቱ ጉልበት ይጨርሳል። በማለዳ ውረዱ፤ ከያዛችሁት ውሃ ከግማሽ በላዩን ለዳገቱ አስቀሩ።

በመንደር ስታርፉ በቅቤ የተጠበሰ «ቡና ቀላ» ሊቀርብላችሁ ይችላል፤ የአክብሮት ግብዣ ነውና ትንሽም ቢሆን ቅመሱ። ጥሬ ወተት ሲሰጣችሁ ግን በትሕትና «በሻይ አፍሉልን» በሉ፤ ከበሽታም ትድናላችሁ፣ ባለቤቱንም አታሳዝኑም።

የይስሐቅና የጌራራ እረኞች በጉድጓድ ምክንያት የተጣሉበትን የዘፍጥረት 26 ታሪክ ለልጆቻችን ብዙ ጊዜ ነግረናቸዋል። በቦረና ያ ታሪክ በዓይን ይታያል፤ ሰው ውሃውን በተራ ሲካፈልም ይታያል። ከመሄዳችሁ በፊት አንብቡላቸው። በመጨረሻው ቀን በጀሪካን የተረፈ ንጹሕ ውሃ ካላችሁ መኪና ይቅለለው ብላችሁ አታፍስሱት፤ ለመሪያችሁና ለግመል ነጂው ቤት አድርሱት። መልካም ጉዞ!