ስለ አንጎል ምግብና ስለ ዕረፍቱ

የሰው አንጎል በራስ ቅል ውስጥ ተሸሽጎ የሚኖር ለስላሳ አካል ነው። ክብደቱ ከመላው ሰውነት ከመቶ 2 እጅ ያህል ብቻ ሲሆን፥ ሰውነት በዕረፍት ሳለ ከሚያጠፋው ኃይል ከመቶ 20 እጅ ያህሉን ብቻውን ይወስዳል። በልጆች ዘንድ ድርሻው ከዚህ ይበልጣል፤ የልጅ አንጎል ገና በማደግ ላይ ነውና። ስለዚህ ፊደል መቍጠር እጅና እግርን የማያደክም ቢመስልም፥ በባዶ ሆድ የሚሠራ ሥራ አይደለም።

የሐዋሳ ከተማ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሐይቅ ዳር ትገኛለች። በማለዳ አሞራ ገደል በሚባለው ስፍራ ዓሣ አጥማጆች ከሐይቁ ያወጡትን ቆሮሶና አምባዛ ይሸጣሉ። እንግዲህ ከዚህ ገበያ አጠገብ የሚኖር አንድ ልጅ ቁርሱን ሳይበላ ወደ ትምህርት ቤት ሄደ እንበል። ረፋዱ ላይ ዓይኑ ይፈዛል፤ ገና አሁን ያነበበውን ቃል መምህሩ ሲጠይቀው ይጠፋበታል። ጓደኞቹ «ደደብ» ብለው ይሥቁበታል፤ እርሱም ይህን ሰምቶ «እውነትም ደደብ ነኝ» ብሎ በልቡ ያምናል። ከረኀቡም ይልቅ የሚጎዳው ይህ ነው፤ ረኀብ በምግብ ይታገሣል፥ ይህ ቃል ግን ዕድሜውን ሁሉ ሊከተለው ይችላልና።

የሲዳማ ሕዝብ ነገር በተነሣ ጊዜ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሚመክሩበት «አፊኒ» የሚባል ልማድ አለው። ትርጓሜውም «ሰማችሁን?» ማለት ነው። ከመፍረድ አስቀድሞ መስማት ይገባልና። ለልጅም እንዲሁ ሊደረግለት ይገባል። «ሰነፍ ነው» ተብሎ ሳይፈረድበት ሦስት ነገር ይጠየቅ፤ በልቷልን? ተኝቷልን? የሚያስፈራው ነገር አለን?

ፊተኛው ጥያቄ የምግብ ነው። ከእንሰት የሚገኘው ቆጮ ኃይል ይሰጣል፤ ነገር ግን አካልን የሚገነባው ፕሮቲን በውስጡ ጥቂት ነው። ስለዚህ ከጎመን፥ ከባቄላ፥ ከምስር፥ ከወተት፥ ከእንቁላል፥ የበሰለ ዓሣም ከተገኘ ከእርሱ ጋር ቢበሉት ይጠቅማል። ዓሣ መግዛት ላልቻለ ቤት ባቄላና ጎመን ትንሽ ነገር አይደሉም።

ጨውም አይናቅ። አዮዲን የሚባለው ነገር በምግብ ያነሰበት ሰው አንገቱ በእንቅርት ያብጣል፤ በማኅፀን ሳለ አዮዲን ያጣ ሕፃንም አንጎሉ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ በ2003 ዓ.ም. ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት በኢትዮጵያ ደንብ ወጣ። አዮዲን በእሳትና በእርጥበት ስለሚቀንስ፥ ጨውን ከድኖ ማስቀመጥና ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር መልካም ነው።

የተማሪን ረኀብ ከተሞችም ይመለከቱታል። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2012 ዓ.ም. በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ ሕፃናት ቁርስና ምሳ ማብላት የጀመረው፥ የራበው ልጅ ትምህርት መቀበል ስለሚያቅተው ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የእንቅልፍ ነው። አንጎል ቀን የተማረውን ሌሊት ያጸናዋል። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በየቀኑ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ያህል መተኛት ያስፈልገዋል። ለፈተና ሲል ሌሊቱን ሁሉ የሚያነብ ተማሪ በአንድ እጁ እየሰበሰበ በሌላው እጁ ይበትናል። የሲዳማ ቡና በዓለም የታወቀ ነው፤ ነገር ግን እንቅልፍን ያባርራልና ለልጅ ማታ አይሰጥም።

ሦስተኛው ጥያቄ የፍርሃትና የጭንቀት ነው። ሰው በፈራ ጊዜ ከኵላሊት በላይ ያሉት ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች ኮርቲሶል የሚባለውን ነገር ወደ ደም ይልካሉ። ይህ ለጥቂት ጊዜ የሆነ እንደ ሆነ ያነቃል፥ ከአደጋም ለመሸሽ ይረዳል። ነገር ግን ጭንቀቱ ለሳምንታትና ለወራት የቈየ እንደ ሆነ እንቅልፍን ያውካል፥ የማስታወስንም ኃይል ያደክማል። በቤት ጠብ የሚሰማ፥ በመንገድ የሚመታ፥ ወይም በዱላ እየተፈራራ የሚማር ልጅ ዓይኑ በመጽሐፉ ላይ ሳለ አሳቡ ሌላ ስፍራ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንደ ተባለ፥ እንዲህ ያለ ልጅ ጭንቀቱን ለእናቱ ወይም ለአባቱ፥ ለአያቱ ወይም ለሚያምነው መምህር ይንገር። በሐይቁ ዳር ከወዳጅ ጋር መራመድ፥ መጫወትና መሮጥም የታወከውን ልብ ያሳርፋሉ።

ልጆች ሆይ፥ ይህ ሁሉ ለሐኪምና ለመምህር ብቻ የተተወ ሥራ አይደለም። ከአጠገባችሁ የተቀመጠው ልጅ ቃሉ ጠፍቶበት ዝም ባለ ጊዜ አትሣቁበት። በዕረፍት ሰዓት ቀርባችሁ ቁርሱን በልቶ እንደ ሆነ ጠይቁት። ያልበላም ቢሆን ከያዛችሁት ቆሎ ወይም ዳቦ አካፍሉት፤ የሚያስፈራው ነገር እንዳለ ከነገራችሁም ለታላቅ ሰው አስታውቁለት። ምናልባት እስከዚያች ቀን ድረስ ማንም አልጠየቀው ይሆናል።