ማክሰኞ ተነሺ



ከባልሽ ጋር አርቪ (መኝታና ኩሽና ያለው መኪና) ተከራይታችሁ ላስ ቬጋስን ልታዩ መሆኑን እናትሽ ነግራኛለች። በስልክ ልመክርሽ ስጀምር «እሺ አባዬ» ብለሽ ወደ ሌላ ወሬ ስለምትገቢ በጽሑፍ አድርጌዋለሁ። እዚያ ታክሲ ስነዳ አንቺ ገና ሕፃን ነበርሽ። ከተማዋን የማውቃት በጎብኚ ዓይን አይደለም፤ ማታ ኪሱን ሞልቶ ያደረስኩትን ሰው ንጋት ላይ ባዶውን ስመልሰው ነው።

ያቺ ከተማ በርካሽ ትታያለች። የምትታየው ግን ቅናሽ በማሳደድ ሳይሆን ጊዜ በመምረጥ ነው። ማክሰኞ የሰማሽው የአልጋ ዋጋ ዓርብ እጥፍ ድርብ ሆኖ ይጠብቅሻል። ስለዚህ ማክሰኞ ተነሺ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የሎስ አንጀለስ ሰው ሁሉ አይ-15 አውራ ጎዳና ላይ ነው፤ እሑድ ደግሞ ያው ሕዝብ ተግተልትሎ ይመለሳል። መንገዱ ከሎስ አንጀለስ 270 ማይል ያህል ነው። አርቪ በአንድ ጋሎን 8 ወይም 10 ማይል ቢሄድ ነው፤ ተሰልፋችሁ በቆማችሁበት የሚቃጠለውን አንቺው አስቢው።

ወሩንም ምረጪ። ጁላይ 7 ቀን 2024 ቬጋስ 120 ፋራናይት ደርሳለች፤ ወደ 49 ሴልሺየስ መሆኑ ነው። ያን ጊዜ አርቪ ያለ ኤሲ ምጣድ ነው። ኤሲው ደግሞ ወይ የማቆሚያውን መብራት ይፈልጋል፣ ወይ ጀነሬተሩ ሌሊቱን ሙሉ ነዳጅ ሲጠጣ ያድራል፤ በነጻ አደርኩ ያልሽበት ቦታ ሒሳቡ ጠዋት ይመጣል። ማርችና ኤፕሪል ወይም ኦክቶበር ከሆነ ግን መስኮት ከፍታችሁ ትተኛላችሁ። በጃንዋሪ መጀመሪያ፣ በእኛ ገና ሰሞን፣ አትሂጂ፤ ሲኢኤስ የሚባለው ትልቁ የኤሌክትሮኒክስ ኤግዚቢሽን ያኔ ነው። ኖቬምበር ላይም ከ2023 ጀምሮ የፎርሙላ 1 ውድድር መጥቷል፤ መንገዱን ይዘጋሉ፣ ዋጋውን ይሰቅላሉ።

ማደሪያን በተመለከተ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው በረሃ አብዛኛው የፌዴራል መንግሥት መሬት ነው። ቢኤልኤም የሚባለው መሥሪያ ቤት፣ «ክልክል ነው» ብሎ ምልክት ካልተከለበት በቀር፣ በ28 ቀን ውስጥ እስከ 14 ቀን በነጻ ያሳድራል። ውኃም መብራትም መጸዳጃም የለም፤ ታንከሩን ሞልታችሁ ግቡ፣ ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ውጡ። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምንሻለሁ፤ አሸዋው ለጥ ያለ ነው ብላችሁ ደረቅ የጎርፍ መውረጃ ውስጥ አትቁሙ። ድሬዳዋ ያለው የደቻቱ ወንዝም ደረቅ አሸዋ ነበር። በእኛ አቆጣጠር በ1998 ክረምት ከደጋው የጣለው ዝናብ ሌሊት ወርዶ በተኛበት የጠረገው ከ200 በላይ ሰው ነው። በረሃ ላይ ጎርፍ የሚመጣው ደመናውን ሳታዪው ነው። ውኃና መጸዳጃ ያለው ቦታ ካሰኛችሁ ሌክ ሚድ ሐይቅ ዳር ቦልደር ቢች ካምፕ አለ፤ ሁቨር ዳምም ከዚያ ቅርብ ነው።

ወደ ስትሪፕ፣ ትልልቆቹ ካዚኖዎች ወዳሉበት ጎዳና፣ ስትገቡ አርቪውን አትውሰዱት። ቁመቱ ከ10 ጫማ በላይ ነው፤ የካዚኖዎቹ ጋራዥ ጣሪያ አያስገባውም። ድሮ ነጻ የነበረውን ማቆሚያ ትልልቆቹ ሆቴሎች ከ2016 ጀምሮ ማስከፈል ጀምረዋል። ዱስ የሚባለው ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ 24 ሰዓት ይሠራል፤ ላይኛው ፎቅ ፊት ለፊት ተቀመጡ። የቤላጂዮ ሆቴልን የሚጨፍር ውኃና የአበባ አዳራሹን፣ የፍሪሞንት ጎዳናን የመብራት ጣሪያ ማንም አያስከፍላችሁም።

ካዚኖ አትግቡ አልልሽም፤ ብልሽም ትገቢያለሽ። ግድግዳው ላይ ሰዓት አትፈልጊ፣ የለም። ለተጫዋች መጠጡ በነጻ ይቀርባል፤ በሕይወቴ ያየሁት ውዱ ቢራ እሱ ነው። የባንክ ካርዳችሁን አርቪው ውስጥ ቆልፋችሁ፣ ብትሸነፉበት የማይቆጫችሁን ጥሬ ገንዘብ ብቻ ይዛችሁ ግቡ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ታክሲ ጠርቶ ወደ ኤቲኤም ውሰደኝ የሚለኝ ሰው ሁሉ ሲገባ እንደ እናንተ «ትንሽ ብቻ» ያለ ነበር።

ከከተማው ውጭ ደግሞ ሬድ ሮክ ካንየንን እንዳትዘሉት። ከኦክቶበር እስከ ሜይ ቀጠሮ ይጠይቃል፤ ቀጠሮው ግን ከጠዋቱ 2 እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ለሚገባ ነው። (በሐበሻ ሰዓት ነው የጻፍኩልሽ፤ ባልሽ እንዳይሳሳት።) ንጋት 12 ሰዓት በሩ ሲከፈት ብትደርሱ ቀጠሮ የሚላችሁ የለም፤ ድንጋዩም ደምቆ የሚቀላው ያን ጊዜ ነው፣ እኩለ ቀን ላይ ይገረጣል። የ80 ዶላሩን የብሔራዊ ፓርኮች ዓመታዊ ካርድ ግዙ፤ ለሬድ ሮክም ለሌክ ሚድም ለዴዝ ቫሊም ይሠራል። ቫሊ ኦፍ ፋየር ግን የኔቫዳ ግዛት ነው፣ ለብቻው ትከፍላላችሁ።

ስለ ምግብ እናትሽ ድርቆሽ እያዘጋጀችልሽ ነው። ከበርበሬ ጋር ለፍርፍር ትንሽ ውኃ ይበቃዋል፣ ከአንድ ትሪ ትበላላችሁ፣ የሚታጠብ ሳህን ስለማይበዛ የቆሻሻ ውኃ ታንከሩም ቶሎ አይሞላም። ኩሽና ይዞ ሄዶ ስትሪፕ ላይ ሀምበርገር መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ረቡዕ ዕለት ግን ከስትሪፕ በስተ ምዕራብ ወዳሉት የሐበሻ ቤቶች ጎራ በሉ፤ ካውንቲው አካባቢውን «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ሰይሞታል። አንድ በየዓይነቱ ለሁለት ይበቃል፤ የታክሲ ሾፌሮቹም የሳምንቱን የከተማ ወሬ ከማንም በተሻለ ይነግሯችኋል። ሰላም በይልኝ።

መንገድ ላይ ቤከር የምትባል ትንሽ ከተማ 134 ጫማ የሚረዝም ቴርሞሜትር ታያላችሁ፤ በ1913 ዴዝ ቫሊ የተመዘገበውን 134 ፋራናይት ለማስታወስ የቆመ ነው። ፎቶ አንሺ፣ ቤንዚን ግን አትቅጂ፤ እዚያ ዋጋው አይቀመስም። ስትሄዱ ባርስቶ ላይ፣ ስትመለሱ ቬጋስ ውስጥ ሙሉ። መመለሻችሁም ከቅዳሜ ጠዋት አይለፍ።

አባትሽ