ከንፈሩ ተሰፋ፤ ከዚያስ?

የእህቴ ልጅ ሚጢ ዛሬ ብቻዋን ሱቅ ሄዳ አራት ዳቦ ገዛች። ባለሱቁ «ምን አልሽ?» ሳይላት፣ እናቷን በዓይኑ ሳይፈልግ፣ በፌስታል አድርጎ ሰጣት። «ማስቲካም መርቅልኝ» ብላዋለች አሉ። እህቴ ደውላ ስትነግረኝ ታክሲ ውስጥ እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ከድሮ ጀምሮ የምትከታተሉን «ናሞ»ን ታስታውሳላችሁ። ሚጢ ከንፈሯና ላንቃዋ ተሰንጥቆ ነው የተወለደችው። ላንቃ ሲሰነጠቅ አየሩ በአፍንጫ ያመልጣል፤ «ደ» «ነ» ይሆናል፣ «በ» ደግሞ «መ»። ዳቦ ናሞ ሆኖ ቀረ። ላንቃዋ ከተሰፋ በኋላም ናሞ ነበር! ምላስ የለመደውን በአንድ ቀን አይተውም። እህቴ ማታ ማታ አፍንጫዋ ሥር ትንሽ መስታወት ይዛላት «ባ፣ ባ፣ ባ» ታስብላት ነበር። መስታወቱ ጉም ከለበሰ አየሩ አምልጧል ማለት ነው፤ ተወልውሎ እንደገና። የከንፈሯ ፎቶ ሥር «ቆንጆ ሆነችልን» ያላችሁ ሁሉ ተባረኩ፣ ግን ትልቁ ሥራ ያ መስታወት ነበር። እሱን ፎቶ የሚያነሳው የለም።

ደስ ብሎኝ እያለ ደግሞ የልጅነት ሰፈሬ እንጀራ ጋጋሪ ትዝ አለችኝ። ከንፈሯ ተሰንጥቆ ነው የተወለደችው። ቡና አፍልታ፣ ቀድታ፣ ለሁሉም አዳርሳ የራሷን ስኒ ይዛ ጓዳ ትገባለች። ሰው ፊት ስትጠጣ አይቻት አላውቅም። ልጆች ከወለደች በኋላ ተሰፋላት፤ ቀጭን ጠባሳ ብቻ ቀረ። ነጠላዋ ግን ከአፏ ላይ አልወረደም። ሰው ሲመጣ እጇ ራሱ ይሄዳል። አንዷ ጎረቤት «አሁንማ ምን ትደብቂያለሽ?» አለቻት። ይቺ ጥያቄ እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች። ዕድሜዋን ሙሉ «እርግማን ነው» እያለ ያሸማቀቃት ሰፈር፣ አንድ ቀን ተነስቶ «ለምን ትሸማቀቂያለሽ?» ይላታል? ከንፈር የሚገጥመው ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው የእርግዝና ሳምንት ነው፤ ብዙ እናት ማርገዟን እንኳ በቅጡ ሳታውቅ። በዓለም ላይ ከ700 ሕፃናት አንዱ ገደማ ከንፈሩ ወይም ላንቃው ተሰንጥቆ ይወለዳል። ይህን ሁሉ ልጅ ማን ቁጭ ብሎ ረገመው?

እባካችሁ፣ አራስ ጥየቃ ሄዳችሁ ሕፃኑ ፊቱ ተሸፍኖ ካያችሁ ዝም ብላችሁ ገንፎ በልታችሁ አትመለሱ፤ ይህን ንገሯቸው። ላንቃው ክፍት ከሆነ ጡት ስቦ መጥባት ይቸግረዋል፤ ወተቱ በአፍንጫው ይወጣል። ቀና አድርጎ ይዞ፣ የታለበ የእናቱን ወተት በማንኪያ በትንሽ በትንሹ መስጠት ነው። ክብደት ካልጨመረ ቀዶ ጥገናው ይዘገያል፤ ብዙዎቹ እዚህ ላይ ነው የሚጎዱት። ከንፈሩ ከሦስት ወር ጀምሮ ይሠራል፣ ላንቃው ደግሞ ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላው ቢሠራ ለንግግሩ ይበጃል። ጆሮውንም አስዩለት፤ ላንቃው የተሰነጠቀ ልጅ ጆሮው ቶሎ ቶሎ ይታመማል። ገንዘብ የለንም ብላችሁም አትቅሩ፤ ስማይል ትሬይን የተባለው ድርጅት በአገራችን ሐኪሞች እጅ በነፃ ያሠራል።

ከአዲስ አበባ ውጭ፣ በተለይ ደሴና ጎንደር፣ ንግግር የሚያስተምር ባለሙያ የምታውቁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ኢንቦክሴ በእናቶች ጥያቄ ሞልቷል፣ የምመልስላቸው የለኝም።