ያላነበብንላቸው ገጽ

ከቃሊቲ ነን ስንል ሰው ሁሉ ስለ ወኅኒ ቤት ይጠይቀናል። ስለ ወንዛችን የሚጠይቀን የለም። ትንሹ አቃቂ ግን ከከተማው ሰሜን ምዕራብ ተራሮች ተነሥቶ፣ የከተማውን ጉድፍ ተሸክሞ፣ በእኛ ሠፈር በኩል ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይወርዳል፤ ከዚያም ከአዋሽ ይቀላቀላል። እኛ ሦስታችን በዳሩ አድገን፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የመጨረሻ ሥራችንን የሠራነው በእሱ ላይ ነው።

የትምህርት ቤቱ ደንብ እያንዳንዱ ቡድን ከሠፈሩ አንድ አማካሪ እንዲይዝ ያዝዝ ነበር። ሌሎቹ መሐንዲስ ያዙ፣ ነርስ ያዙ። እኛ በወንዙ ውሃ ጎመንና ቆስጣ የሚያለሙ አንዲት እናት ያዝን። እማማ እንላቸዋለን። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ አፍረንባቸው ነበር፤ በቅጹ ላይ የፈረሙት በጣት አሻራ ነበርና።

መሣሪያችን ሊትመስ ወረቀት፣ ቴርሞሜትርና ባዶ ሃይላንድ ነበር። በየቀኑ ከትምህርት በኋላ እየወረድን ቀዳን፣ ለካን፣ ጻፍን። ውሃው ያው ቆሻሻ ነው፤ ከቀን ቀን ግን እምብዛም ለውጥ የለውም። እማማ ሁለት ሳምንት ዝም ብለው አዩንና፣ «ልጆቼ፣ ሌባ በጠራራ ፀሐይ ይጠበቃል እንዴ? ቅዳሜ ሌሊት ኑ» አሉን።

ሄድን። በባትሪ ብርሃን ስናየው ውሃው ጠቁሯል፣ አረፋ ደፍቋል፣ ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ቀዩ ሊትመስ ሰማያዊ ሆነ። ለካስ እኛ ከመጽሐፍ ያላገኘነውን ሰንጠረዥ እማማ በቃላቸው ይዘውታል፤ አረፋው መቼ እንደሚመጣ፣ ቀለሙ መቼ እንደሚመጣ፣ ቦዩን መቼ መዝጋት እንደሚሻል።

ከዚያ ወደ ንባብ ገባን። ቆዳ ፋብሪካዎች ቆዳ የሚያለፉት በክሮሚየም ጨው እንደሆነ፣ ቅጠላ ቅጠልም ከባድ ብረታ ብረትን ከአፈርና ከውሃ እንደሚስብ ተረዳን። ተመራማሪው ፍስሐ ኢታና እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት ጥናት በአዲስ አበባ የሚበቅል ቅጠላ ቅጠልን መርምሮ እንዲህ ያሉ ብረታ ብረቶችን አግኝቶበታል። ይህንኑ በሰባተኛው ገጽ ላይ አሰፈርን። «በዚህ ውሃ የለማ አትክልት ለጤና ያሰጋል» የሚልም ጨመርን።

የንባቡ ቀን ወላጆች፣ የዕድር ሽማግሌዎች፣ ጉልት ቸርቻሪዎች ሳይቀሩ መጡ። እማማ ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው ከፊት ተቀመጡ። አንባቢያችን ስድስተኛውን ገጽ ጨርሶ ስምንተኛውን ገለጠ። ሁለታችን አይተናል፤ ትንፍሽ አላልንም። ተጨበጨበልን።

ውጭ እማማ ጠበቁን። «የጎመኔ ነገርስ የት ገባ?»

«ላቦራቶሪ ስለሌለን አልለካነውም» አልናቸው። እውነት ነው፤ ግን ውሸት ነው።

ትንሽ አዩንና፣ «እኔስ ከታችኛው መደብ ለቤቴ ቆርጬ አላውቅም» ብለው ሄዱ።

ታዲያ ማንን አዳንን? እማማን ከገበያ እንዳይወጡ ነው ብለን ነበር። ጎመኑን የገዛችው እናትስ? ልጆቿስ? ይልቅ ከዝምታችን ከሁሉ በላይ የተጠቀመው ያ ከላይ ሆኖ ሌሊት የሚለቀው ነው። አማካሪ ማለት ቅጽ የሚፈርም መስሎን ነበር። ዕውቀታቸውን ወስደን መልሱን ደበቅናቸው። አስቀድመን ቤታቸው ሄደን ገጹን ብናነብላቸው ኖሮ፣ የታችኛው መደብ ከጎመን ሌላ ለምን እንደሚሆን፣ አቤቱታውንም ማን ይዞ እንደሚሄድ አብረን በመከርን ነበር።

ዛሬ ላቦራቶሪ ያለበት ግቢ ውስጥ ነን፤ ያቺ ምክንያት አታድነንም። በመጪው ክረምት ሰባተኛውን ገጽ ይዘን ልንሄድ፣ ከጎመኑም ልንወስድ ተስማምተናል። እናንተም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ ለባለቤቱ ያልተነበበ ገጽ ካላችሁ ፈልጉት።

ከሦስታችን ማን እንደሚያነብላቸው ግን ገና አልተስማማንም።